አባቴ እስኪነሱ

ቁጭ ብሎ መጠበቅ የሚባለው ነገር ለእኔ አልተሰጠኝም። ቡሬ መናኸሪያ ሚኒባሱ እስኪሞላ ድረስ ወርጄ እወጣለሁ፤ ረዳቱን እነዘንዛለሁ፤ አንድ ሰው ብቻ ሲጎድል ሾፌሩን «በቃ እንሂድ» እያልኩ አናቱ ላይ እቆማለሁ። አብረውኝ የሚያስተምሩት መምህራን ወንበርሽ ላይ እሾህ አለ እንዴ እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ። የእነሱ አባት ፍኖተ ሰላም መጦሪያ ውስጥ ሆነው እነሱ ቡሬ ቢሆኑ ኖሮ አያቸው ነበር።

አባቴ ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብሎ ባለ የገጠር ቀበሌ በቆሎና በርበሬ እያረሱ የኖሩ ሰው ናቸው። በአካባቢው ሰው ሲጣላ እሳቸው ካልተጠሩ እርቅ አይወርድም ነበር። እናቴ ካረፈች በኋላ ግን ብቻቸውን ቀሩ፤ ዓይናቸው ደከመ፤ ጉልበታቸው ከዳቸው። ጎረቤት ምሳ ካመጣላቸው ይበላሉ፤ ካላመጣ ጦማቸውን ውለው ያድራሉ፤ ስጠይቃቸው ደግሞ ጠግቤያለሁ ይሉኛል።

ቡሬ አምጥቼ ከእኔ ጋር ላኖራቸው ሞክሬ ነበር። የምከራየው ክፍል ፎቅ ላይ ነው፤ ደረጃው እኔንም ያስፈራኛል። እኔ ትምህርት ቤት ስውል እሳቸው ተቆልፎባቸው ይውላሉ። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ በመስኮት ብቅ ብለው የመንገዱን ሰው አንድ በአንድ እንዴት ዋላችሁ ሲሉ አገኘኋቸው። ማን ቀና ብሎ ያያል? ባጃጁ ይጮኻል፣ የእህል መኪናው ያጓራል። ዞር ብለው «የዚህ አገር ሰው አይሰማም እንዴ፣ ልጄ?» አሉኝ። ያን ዕለት እዚህ እንደማይኖሩ ገባኝ።

መጦሪያ ላስገባቸው ነው ስል ያልተናገረኝ ዘመድ የለም። ልጅ የወለደ ሰው እንዴት ተደርጎ፣ ምን ጉድ ነው፣ አስተምረዋት ነበር እኮ፣ ተባለ። የተናገሩት ሁሉ ግን ከቤታቸው አንዲት ጥግ አልሰጧቸውም። አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ደግሞ አንቺ ቅርብ ነሽ፣ የሚሻለውን አንቺ ታውቂያለሽ አለና ነገሩን ጫንቃዬ ላይ ጥሎ ስልኩን ዘጋ። እሱ ሁልጊዜም እንዲህ ነው። አባቴ ራሳቸው ግን ግቢውን በዱላቸው እየተደገፉ ዞረው አዩ። ወንዶቹ አዛውንት የሚውሉበትን ክፍል በር ላይ ቆመው አዩ። ከዚያ «ሰው አለበት» አሉ። ለእሳቸው ይህ በቂ ነበር።

ለእኔ ግን በቂ አልነበረም። ሽንት ቤቱን ገብቼ አየሁ። መያዣ ብረት አለው ወይ? አለው። ሲይዙት ይነቃነቃል ወይ? ይነቃነቃል። ተናገርኩ፤ በሲሚንቶ ጠበቀ። አልጋው ከፍ ብሏል አልኩ፤ እግሩ ተቆርጦ ዝቅ አለ። መድኃኒቱ ይቆለፋል ወይ፣ እሳት ቢነሳ በየት ይወጣሉ፣ ማታ ማን አብሯቸው ያድራል እያልኩ ኃላፊዋን ነርስ መፈናፈኛ አሳጣኋት። ሲስተር ነው የምንላት። ከደብረ ታቦር አካባቢ የመጣች፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ ሴት ናት። እኔ ስጮህ እሷ ይበልጥ ዝግ ትላለች፤ ያ ደግሞ ይበልጥ ያስጮኸኛል።

በገቡ በጥቂት ሳምንት ስልክ ተደወለ። ክፍል ውስጥ ሰሌዳ ፊት ቆሜ ነበር። ሲስተር አይደንግጡ፣ አባትዎ ትንሽ ወድቀው ነው አለችኝ። ትንሽ መውደቅ ምን ማለት ነው? ተማሪዎቹን ለጎረቤት መምህር ትቼ በባጃጅ ወደ መናኸሪያ፣ ከዚያ በሚኒባስ። ማንኩሳ ላይ ሾፌሩ ሰው ሊጭን ሲቆም ላንቀው ምንም አልቀረኝም። ስደርስ አባቴ ግንባራቸው ላይ ፕላስተር ተለጥፎ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል። ሲያዩኝ ብድግ አሉና ኖር አሉ። በእግዜር፣ ይቀመጡ፣ ምን ሆነው ነው እያልኩ ሄጄ ያዝኳቸው። ምን እንደሆኑ አያውቁም። መሬቱ ከዳኝ ነው ያሉት።

መሬቱ! ወለሉን አየሁት፤ ሴራሚክ ነው። ቤቱን ያሠሩት የከተማው ሰዎች ያማረ መስሏቸው የሚያብለጨልጨውን መርጠው አንጥፈውታል፤ ሲወለወል ፊት ያሳያል። ሲስተርን ይዣት ወጣሁ። ይህ አዛውንት የሚኖርበት ቤት ነው ወይስ ሆቴል? ደረጃውን ጠብቋል የምትሉት ይህን ነው? መመሪያው የማያንሸራትት ወለል ይላል፤ ስልኬ ላይ አለ፣ ላሳይሽ? እያልኩ በረንዳው ላይ ጮኽኩባት። ብዙም ሳይቆይ ከወንበሮቹ ሥር እስከ በሩ ድረስ ሻካራ ምንጣፍ ተነጠፈ። እኔም አሸነፍኩ ብዬ ቡሬ ገባሁ።

ምንጣፉ ላይ ወደቁ። በዚህኛው የእጃቸው አንጓ ተሰነጠቀ። ጫማቸው ነው አልኩ። የቡሬን ገበያ ዞሬ ሥሩ ጎማ የሆነ፣ እግር የሚይዝ ጫማ ገዝቼ ሄድኩ፤ አባቴ ግራና ቀኙን እያገላበጡ አይተው ለዚህ ዕድሜዬ ኳስ ተጫዋች ልታደርጊኝ ነው ወይ አሉኝ። ሆስፒታል ያያቸው ሐኪም ግን አልቀለደም። አጥንታቸው ሳስቷል፣ አሁን የተጎዳው እጅ በመሆኑ አምላካችሁን አመስግኑ፣ ዳሌያቸው ከተሰበረ ግን ዳግም አይቆሙም አለኝ። ይህችን ቃል ይዤ ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ከማን ጋር እንደተቀመጥኩ እንኳ አላውቅም።

ከዚያ መንገድ ተዘጋ። ዛሬ ይከፈታል ሲባል ይውልና አይከፈትም፤ ነገ ሲባል ነገም ይሄዳል። የስልክ መስመሩም አብሮ ጠፋ። ትምህርትም የለ። ወደቁ ይሆን? ማን አነሳቸው? ሐኪም ቤት ለመሄድ መኪና አገኙ ይሆን? ከበር ወደ መስኮት፣ ከመስኮት ወደ በር ስመላለስ ከታች የሚኖሩት አከራዬ አንድ ቀን ወጥተው ልጄ፣ ወለሉን በስተሽ እኔ ላይ ልትወርጂ ነው አሉኝ። እንጀራ ይዘውልኝ መጥተው ነበር። አልበላልኝም።

መንገዱ ሲከፈት በመጀመሪያው መኪና ሄድኩ። አባቴ በሕይወት አሉ፤ ቆመው ኖር አሉኝ። ሲስተር ግን ወደ ቢሮዋ ጠራችኝ። በዚያ መሃል አንድ ጊዜ ወድቀው ነበር፤ ጎናቸው ያሉት ሽማግሌ ላይ ስላረፉ ሁለቱም ተረፉ። ከመሳቢያዋ ሰፋ ያለ የጨርቅ መታጠቂያ አወጣች። ከአልጋ ልብስ ቀድዳ፣ ጫፍና ጫፉን ደርባ አሰፍታዋለች፤ እንዳይቆርጥ ብላ ውስጡን ጥጥ አድርጋበታለች። ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ በወገባቸው ዞሮ ከኋላ ይታሰራል። ያለ ቤተሰብ ፈቃድ አላደርገውም፤ የሚፈቅዱት እርስዎ ነዎት አለችኝ።

«ሰው ማሰር ደስ ብሎኝ አይደለም» አለች። «ግን ዳሌያቸው ቢሰበር እርስዎ ራስዎ ምን ይሉኛል?»

ምን እንደምላት እኔም እሷም እናውቃለን። ያን ጨርቅ ግን በእጄ አገላበጥኩት። የስንቱን ሰው ጠብ የፈቱ አባቴ ወንበር ላይ እንደ ጥጃ ይታሰሩ? ለወንድሜ ደወልኩ። ከሚሰበሩ ይታሰሩ አለኝ፣ እንደዚህ በአንድ ትንፋሽ። አንተ መጥተህ እሰራቸዋ ብዬ ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። ከዚያ ወደ ሲስተር ተመልሼ ጥቂት ቀን ስጪኝ አልኳት። ትምህርት ገና አልተጀመረም፤ ከተማው ውስጥ ዘመድ ቤት እያደርኩ በየቀኑ እዚህ እውላለሁ፤ እንዴት እንደሚወድቁ በዓይኔ አያለሁ፤ ካላገኘሁ ታስሪያቸዋለሽ አልኳት። ጨርቁን አጣጥፋ መሳቢያው ውስጥ መለሰችው።

በማግስቱ ጠዋት ክፍሉ ገብቼ ጥግ ላይ አግዳሚ ያዝኩ። ክፍሉ ሰፊ ነው፤ ባለመደገፊያ ወንበሮች ግድግዳውን ይዘው ተደርድረዋል፤ ሁሉም ፊታቸው ወደ በሩ ነው። አባቴ ከበሩ ትይዩ ናቸው፤ አጠገባቸው ዓይናቸው የጠፋ አንድ መሪጌታ ይቀመጣሉ፤ አባቴ ያን ጊዜ ወድቀው ያረፉት እሳቸው ላይ ነው። አባቴ ሲራመዱ አየኋቸው። ዱላቸውን ያስቀድማሉ፣ ይቆማሉ፣ ይተነፍሳሉ፣ ቀስ ብለው እግራቸውን ያስከትላሉ። ሽንት ቤት ሄደው እስኪመለሱ እኔ ብዙ ነገር በሠራሁ ነበር። እንዲህ የሚሄድ ሰው ይወድቃል? አይወድቅም። ታዲያ የት ነው የሚወድቁት?

ቁጭ ብዬ ልጠብቅ ነበር፤ እንዳልኩት ግን አልተሰጠኝም። ስልክ ላናግር እወጣለሁ፣ እገባለሁ። የሽንት ቤቱን ብረት ልነቀንቅ እወጣለሁ፣ እገባለሁ። ሲስተርን አንድ ነገር ልጠይቅ እወጣለሁ፣ ጥያቄውን ረስቼው እገባለሁ። በገባሁ ቁጥር ብድግ እያሉ ኖር ይሉኛል፤ በእግዜር እያልኩ አልፋለሁ። የምታጸዳው ሴት ስትገባም ኖር ነው። ውኃ የሚያመጣው ሲገባም ኖር ነው። መሪጌታው እንዲያውም ኮቴ ከሰሙ ይበቃቸዋል፤ ተነስተው ኖር ካሉ በኋላ ነው ማነው ብለው የሚጠይቁት። አንድ ጊዜ የግቢው ድመት አንድ ነገር ጥላ ብታንኳኳ ብድግ ብለው ኖር አሉ፤ አባቴ ድመት ናት፣ ይቀመጡ መሪጌታ ሲሏቸው ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም እንባዬ እስኪወርድ ሳቅኩ። ዓይኔ ሥር ያለውን ግን አላየሁም። ሰው ሲገባ መነሳት ለእኛ አገር ሰው መተንፈስ ነው፤ ማን ልብ ይለዋል?

ቀኖቹ አለቁ፤ አንድም ጊዜ አልወደቁም። የሲስተርን መሳቢያ ባለፍኩ ቁጥር አያለሁ።

በመጨረሻው ቀን ደረጃ የሚያዩ ሰዎች መጡ። የእንዲህ ያለውን ቤት ደኅንነት እየዞሩ የሚመለከቱ ናቸው፤ አመጣጣቸው ቀድሞ ስለተሰማ ቤቱ ከጠዋት ጀምሮ ሲታጠብ ሲወለወል ነበር። በረንዳው ላይ ሜትር ዘርግተው የመደገፊያውን ከፍታ ሲለኩ ይሰማኛል። ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው ይላሉ። ከዚያ በሩ ወለል አለና በአንድ ጊዜ፣ ተከታትለው፣ ፋይላቸውን ይዘው ገቡ። ከፊት ያለው ወፍራም ድምፅ ያለው ሰው ነው፤ እንዴት አደራችሁ አባቶቻችን አለ።

ክፍሉ በሙሉ ተነሳ። አባቴን እያየኋቸው ነበር። መነሳታቸው እንደ ድሮው፣ እንደ ጎልማሳ ነው፤ በዓይን ጥቅሻ። በአንድ እጃቸው ቆባቸውን አወለቁ፤ በሌላው የተፈታ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ሰበሰቡ፤ ጋቢ ሳይሰበስቡ ሰው ፊት አይቆምማ። ወንበሩን የያዘ እጅ የለም። ዱላቸው ጉልበታቸው ላይ ነበር፤ ወደቀ። ደም ወደ ራሳቸው ሳይደርስ ቆመው ኖር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፣ ቃሉ ሳይወጣ ዓይናቸው ወደ ላይ ሄደ። ዘልዬ ወገባቸውን ያዝኩ። ሁለታችንም ወንበሩ ላይ ተዘረጋን። አጠገባችን መሪጌታውም ተንገዳግደው ከእንግዶቹ ጋር በገባችው በሲስተር ክንድ ተያዙ።

ባለ ፋይሉ ሰውዬ ወለሉን በጫማው እየፈተሸ ያንሸራትታል መሰለኝ አለ። አባቴን እንደያዝኩ ወለሉን አየሁት። ማንም አንድ እርምጃ አልተራመደም እኮ! ወለል አይደለም። ጫማም አይደለም። የሚጥላቸው እንግዳ ነው፤ በር ከፍቶ የሚገባ ሰው ሁሉ ነው። ከሰው ሁሉ ደግሞ በዚያ በር አብዝታ የምትወጣ የምትገባ እኔ ነበርኩ።

እንግዶቹ ሲሄዱ ወንበሬን ወደ አባቴ አስጠግቼ ነገርኳቸው። ሰው ሲገባ አይነሱ፤ ተቀምጠው ሰላም ይበሉ፤ ዕድሜዎን ሁሉም ያያል፤ ማንም አይቀየምም አልኳቸው። ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

«ሰው ሲገባ ተቀምጬ ልየው?» አሉኝ። «ገና አልሞትኩም እኮ፣ ልጄ።»

ተቆጣሁ። ፈርቼ ስለነበር ነው የተቆጣሁት። ከተነሱ ይወድቃሉ፣ ከወደቁ ዳሌዎ ይሰበራል፣ ሲስተር በጨርቅ ልታስርዎት ነው፣ ያን ነው የሚፈልጉት ወይ ብዬ ደበቅ አድርጌ የያዝኩትን ሁሉ አፈረጥኩት። ስለ ጨርቁ የሰሙት ያን ጊዜ ነው። ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅኩ። አልተቆጡም። እንዲያውም ቀለል እንዳላቸው ሰው ወደ እኔ ዞሩ።

«እንግዲያው እሰሩኝ» አሉ። «የታሰረ ሰው ባይነሳ ነውር የለበትም። ገመዱን ያዩታል፤ ታስሮ ነው ይላሉ።»

ይህን ሲሉኝ እዚያ ክፍል ውስጥ መቆየት አልቻልኩም። ወጣሁ። በረንዳውን ከዳር እዳር ሄድኩ፣ ተመለስኩ፣ ሄድኩ። አለቀስኩም። ታስሮ መቀመጥን ሰው ፊት ካለመነሳት አስበለጡት! ምን ዓይነት ሰው ናቸው? እኔስ ምን ብዬ እፈቅዳለሁ? ተመልሼ ልሟገታቸው ብዬ በሩን ልገፋ እጄን ስዘረጋ ግን እጄ አየር ላይ ቀረ። እኔ ይህን በር ስንት ጊዜ እንዲህ ገፋሁት? አገር ቤት የአባቴን በር እንዲህ ገፍቶ የገባ ሰው አለ? አንድም የለም።

አገር ቤት እንግዳ ከአጥር ውጭ ይቆማል። ቤቶች! ይላል። ውሻው ይነሳል፤ እናቴ ቆዩ፣ ውሻውን ልያዝ እያለች ትወጣለች፤ ውሻው ያጓራል፣ ይታሰራል፣ እንግዳው ግቢውን ያቋርጣል። ይህ ሁሉ እስኪሆን አባቴ ከመደቡ ቀስ ብለው ተነስተው፣ ጋቢያቸውን ሰብስበው፣ ቀጥ ብለው ቆመው ይጠብቃሉ። እዚያ በእርጅናቸውም ወድቀው አያውቁም። መጦሪያው ውስጥ ግን አጥር የለም፣ ውሻ የለም፤ በሩ ይከፈታል፣ ሰው ፊታቸው ድቅን ይላል። አባቴን ጊዜ የነሳናቸው እኛ ነን።

ሲስተርን ጠራኋት። በሹክሹክታ ነገርኳት፤ እሷ ፊት ድምፄን ዝቅ ሳደርግ ያ የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም። ግራ ተጋብታ አየችኝ፤ ግን እሺ አለች። ገብታ ከአባቴ ኋላ ቆመች። እኔ በሩን ዘጋሁና ከውጭ፣ ልክ አጥር ላይ እንዳለ ሰው፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ «ቤቶች!» አልኩ።

ከዚያ ከውስጥ ደጆች የሚል ድምፅ መጣ፤ መሪጌታው ናቸው። ሌሎቹም ተቀበሏቸው፤ ደጆች፣ ደጆች አሉ፤ ድምፃቸው ውስጥ ደስታ ነበር። ቀጥሎ የወንበር መንቋቋት፣ የዱላ ኮሽታ፣ ሳል። የሲስተር ዝግ ያለ ድምፅ መጀመሪያ ወንበሩን ይያዙ ይላል። እኔ በሩ ኋላ ቆሜያለሁ። መጠበቅ እንዲህ ከባድ መሆኑን ያወቅኩት ያን ዕለት ነው። እጄ እጀታው ላይ ነው፤ እግሬ ይወዘወዛል፤ አሁንስ ወደቁ፣ አሁንስ ልግባ እላለሁ። አልገባሁም። ጥርሴን ነክሼ ቆምኩ። በመጨረሻ የአባቴ ድምፅ መጣ፦ ግቢ።

ገባሁ። ሁሉም ቆመዋል። አባቴ በአንድ እጃቸው ወንበሩን፣ በሌላው ዱላቸውን ይዘዋል፤ ጋቢያቸው ተሰብስቧል፤ ፊታቸውም አልገረጣም። ኖር አሉኝ። በእግዜር፣ ይቀመጡ አልኳቸው። ተቀመጡ። ይኸው ነው።

ከዚያ ወዲህ በሩ ተዘግቶ ይውላል። የሚገባ ሁሉ ቤቶች ይልና ግቡ እስኪባል ይቆማል፤ የምታጸዳው ሴትም፣ ምግብ የሚያቀርቡትም፣ ሲስተር ራሷም። ሁሉም ነገር ተስተካከለ አልልም። የሚረሳ አለ። የቸኮለ አለ፤ አባቱን ሊጠይቅ የመጣ አንድ ልጅ ኧረ ምን ዓይነት ጣጣ ነው እያለ ገፍቶ ሲገባ ልብሱን ይዤ መለስኩት፣ ተጣላን። ሲስተርም ጨርቁን አልጣለችውም፤ ስጠይቃት ለማንኛውም ይኑር አለችኝ። እኔም ያን መሳቢያ ሳላየው አላልፍም። አባቴ ግን አልታሰሩም፣ ዳግምም አልወደቁም።

ባለፈው የበርበሬ ለቀማ ሰሞን ሄድኩ። መንገዱ ከሰዓት በኋላ ይዘጋል ተብሎ ስለተወራ ሾፌሩ ቶሎ ተመለሺ ብሎኛል። ሲስተር በረንዳው ላይ አገኘችኝና ሰሞኑን ደክመዋል፣ ምግብ ቀንሰዋል፣ ከአልጋ ወደ ወንበር የምንወስዳቸው ደግፈን ነው አለችኝ። በሩ ላይ ቆሜ ቤቶች አልኩ።

«ደጆች» አሉ፤ ድምፃቸውን ለየሁት። «ቆዪ፣ ልጄ።»

ቆየሁ። የዱላ ኮሽታ ሰማሁ፣ ከዚያ ጸጥ አለ። እንደገና ኮሽ አለ፣ እንደገና ጸጥ። ሾፌሩ ይደውላል፤ ስልኩን አጠፋሁት። ሲስተር ከጎኔ ቆማ እጀታውን ታየዋለች። እኔ አልነካሁትም። ከዚያ ኖር የሚል ድምፅ መጣ፤ ቀጭን ነው፣ የመጣውም ከታች ነው፤ እንደ ቆመ ሰው ድምፅ አልነበረም።

በሩን ቀስ ብዬ ከፈትኩት። ተቀምጠዋል። ጋቢያቸው ትከሻቸው ላይ ተሰብስቧል፤ ቆባቸው ጭናቸው ላይ ነው። ሁለቱም እጆቻቸው የወንበሩን ክንድ ጥርቅም አድርገው ይዘዋል፤ ክንዳቸው ይንቀጠቀጣል፤ ከወንበሩ ግን አንድ ጣት እንኳ ከፍ አላሉም። ዓይናቸው ዓይኔ ላይ ነው። ስገባ ተቀምጠው ሲያዩኝ ይህ የመጀመሪያቸው ነው። የቻልኩትን ያህል ፈጥኜ፣ ከወንበሩ እየተነሳ ላለ ሰው እንደሚባለው አድርጌ ተናገርኩ።

«በእግዜር፣ አባባ፣ አይነሱ! እኔ ነኝ፣ አይነሱ።»

ከዚያ እጃቸውን ከወንበሩ ክንድ ላይ አላቀቁ።

«እሺ፣ ካልሽ» አሉና ወደ ኋላ ተደገፉ።